«ኮፍያዎን ይልበሱ» ብዬ ሙድ ተያዘብኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ከቶኪዮ በስተ ምዕራብ ባለችው ቾፉ ከተማ ነው። ጠዋት የጃፓንኛ ትምህርት ቤት እማራለሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ የአረጋውያን መዋያ ውስጥ በሰዓት እየተከፈለኝ እሠራለሁ። አዛውንቶቹን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ። እናቴ አያቴን ስታስታምም እያየሁ ነው ያደግኩት።

ችግሬ አፌ ነው። ባለፈው ወር አዛውንቶቹን ወደ ግቢ ልናወጣ ስንል፣ ለአንዲት የ88 ዓመት እናት ኮፍያቸውን አቀበልኳቸውና «ቦሺ ኦ ኪቴ ኩዳሳይ» አልኳቸው። «ኮፍያዎን ይልበሱ» ማለቴ ነበር። ሳቃቸውን ለቀቁት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሰምቶ ኖሮ ምሳ ላይ አነጋገሬን አስመስሎ ለሌሎቹ አወራው። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጫማ ይዤ ስቆም እንኳ «ኪሩ» (ልብስ መልበስ) ልበል «ሃኩ» (ጫማ ማድረግ) ይጠፋኛል። ስልኬ ላይ ያለው አፕ የእንግሊዝኛውን «ዌር» ስሰጠው «ኪሩ» ብቻ ይለኛል። መጽሐፌ ደግሞ ስድስት ሰባት ግስ ደርድሯል። ጓንት ላይማ አንዷ ባልደረባዬ አንድ ትላለች፣ ሌላዋ ሌላ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዕቃውን አሳያለሁ፣ በእጄ እጠቁማለሁ፣ ፈገግ እላለሁ። ኃላፊዬ «ሳታናግሪያቸው አትንኪያቸው» ብላ ደጋግማ ነግራኛለች።

አንዲት የአገሬ ልጅ ሌሊት ሌሊት የቤንቶ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ምሳ ዕቃ ውስጥ ምግብ መደርደር ነው። ማውራት የለም፣ ክፍያውም ይሻላል። «ነይ» እያለችኝ ነው። በዲሴምበር ኤን 4 የሚባለው የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና አለብኝ። ልሂድ ወይስ ልቆይ?
— አፏ የታሰረባት፣ ከቾፉ

መልስ፦ እህት ዓለም፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ሳቅ አለ። አንዱ የእናትየዋ ነው፣ ሌላው የባልደረባሽ። አንቺ አንድ ላይ ጠቅልለሽ ተሸክመሻቸዋል። እስኪ ለያያቸው። የትኛው ነው ያመመሽ?

የእናትየዋን ሳቅ በተመለከተ፣ አንድ ፈረንጅ አዲስ አበባ ላይ «ጫማዬን ለበስኩ» ቢልሽ ምን ታደርጊ ነበር? ትስቂያለሽ። የሳቅሽው ግን ሰውዬውን ስለናቅሽ አይደለም። እንዲያውም አማርኛ መሞከሩ ደስ ብሎሽ ቡና ትጋብዢው ይሆናል። እናትየዋ ከሳቁ በኋላ ምን አደረጉ? ኮፍያውን ተቀብለው አደረጉት? በማግስቱ ስትገቢ ፊታቸው ይፈካል ወይስ ይጠቁራል? ይህን አልጻፍሽልኝም። መልሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ ግን በዚያ መዋያ ውስጥ በዚያ ቀን ከልብ የሳቁት እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ እጠረጥራለሁ።

የባልደረባሽ ነገር ይለያል። ሰው በሌለበት የሰውን አነጋገር እያስመሰሉ ማሳቅ አገራችንም አለ፣ ያማልም። «ናቂው» አልልሽም፤ ያልተናቀ ነገር ናቂው ሲባል አይናቅም። ብቻውን ስታገኚው አንድ ጊዜ ተናገሪው። ቁጣም ልመናም አያስፈልገውም። «ማቺጋኤታራ፣ ኦሺኤቴ ኩዳሳይ» በይው፤ ስሳሳት አስተምረኝ ማለት ነው። ይህ አነጋገር ጃፓኖች ዘንድ ክብርሽን አይነካም፣ እንደ ትጉህ ሠራተኛ ነው የሚያስቆጥርሽ። ከዚያ በኋላም ሙድ መያዙን ከቀጠለ ጉዳዩ የቋንቋ መሆኑ ቀረ ማለት ነው፤ ያኔ ለኃላፊሽ ትነግሪያታለሽ።

አሁን ወደ ግሱ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የታሰረው አፍሽ የሚፈታው እዚህ ይመስለኛል።

አንቺ ጃፓንኛን የምትማሪው በእንግሊዝኛ በኩል ዞረሽ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ላይ ድሃ ነው። ለሸሚዝም፣ ለጫማም፣ ለኮፍያም፣ ለመነጽርም፣ ለቀለበትም «ዌር» ይላል፣ አለቀ። ከዚያ አንድ ቃል ተነስተሽ ጃፓንኛ ስትገቢ ስድስት በር ይገጥምሽና ትደነግጫለሽ። የአማርኛሽን በሮች እስኪ ቁጠሪያቸው። ሸሚዝ እንለብሳለን። ጫማ እንጫማለን። ባርኔጣ እንደፋለን። ቀበቶ እንታጠቃለን። ከረባት እናስራለን። ሻሽ እንጠመጥማለን። ጋቢ እንደርባለን፣ ሲበርደን ደግሞ እንከናነባለን። ቀለበት እናጠልቃለን። ይህን ሁሉ ማንም ሰሌዳ ላይ ጽፎ አላስተማረሽም። አንድ እንግሊዛዊ ሸምድዶ የማይጨርሰውን ልዩነት አንቺ ከእናትሽ ጓዳ ይዘሽው ወጥተሻል። አፑ ነው የሸወደሽ። ለአንድ ቃል አንድ ቃል የሚሰጥ አፕ ለእንዲህ ያለ ነገር እኔ አላምነውም።

በአማርኛው በኩል ስትሄጂ ብዙው ወዲያው ይገጥማል። ደፋ ብለሽ ስታስቢ ካቡሩ ነው፤ ኮፍያ፣ ባርኔጣ፣ የሞተር ሳይክል ሄልሜት። ብርድ ልብስ እስከ ራስ ሲከናነቡትም ካቡሩ ይባላል። ታጠቀና አሰረ ሺሜሩ ነው፤ ቀበቶና ከረባት። ጠመጠመ ማኩ ነው፤ የአንገት ልብስ። ጃኬት ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ ሃኦሩ ይባላል። መነጽር ካኬሩ ነው፤ ጆሮና አፍንጫ ላይ እንደምንሰቅለው አድርገሽ ያዢው። ከሁሉ ደስ የሚለው ግን ሱሩ ነው። ሱሩ ማለት አደረገ ነው። እኛ ሰዓት አደረገ፣ ቀለበት አደረገች፣ የጆሮ ጌጥ አደረገች እንደምንለው፣ እነሱም ለሰዓት፣ ለቀለበት፣ ለጆሮ ጌጥ፣ ለማስክ፣ ለከረባት ሱሩ ይላሉ። ጌጣጌጥና ትንንሽ ነገር ላይ ግሱ ሲጠፋሽ ሱሩ ያወጣሻል። ለልብስና ለጫማ ግን አትሞክሪው፣ እዚያ አይሠራም።

የሚያጣላን ቦታም አለ። እሱን ካወቅሽው ሌላው ቀላል ነው። እኛ ሱሪ እንለብሳለን፣ ቀሚስም እንለብሳለን። ጃፓኖች የሚጠይቁት ልብሱ በየት በኩል ገባ ብለው ነው። እግር አሾልኮ የሚገባ ሁሉ ሃኩ ነው፤ ጫማ፣ ካልሲ፣ ሱሪ፣ ጉርድ ቀሚስ፣ የውስጥ ሱሪ፣ የቤት ነጠላ ጫማ። እጅና ትከሻ ይዞ ከላይ የሚለበስ፣ ወይም መላ ሰውነትን የሚሸፍን ከሆነ ኪሩ ነው፤ ሸሚዝ፣ ኮት፣ ፒጃማ፣ ሙሉ ቀሚስ፣ ኪሞኖ። ስለዚህ ለአንቺ አደገኛው ኮፍያው አልነበረም፣ ሱሪው ነው። «ዙቦን ኦ ኪቴ» እንዳትይ። የቤት ነጠላ ጫማን እነሱ ሱሪፓ ነው የሚሉት። ሱሪም ሱሪፓም ሃኩ ነው ብለሽ ያዢውና እየሳቅሽ አስታውሽው።

ስታወልቂ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እኛ ሁሉንም አወለቀ ብለን እንገላገላለን። እነሱ ለልብስና ለጫማ ኑጉ ይላሉ፣ ለመነጽር፣ ለሰዓት፣ ለጆሮ ማዳመጫ መሣሪያና ለሰው ሠራሽ ጥርስ ደግሞ ሃዙሱ። እንዳንቺ ያለ ሥራ ላይ ሃዙሱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስፈልግ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ስለ ጓንቱ ጠይቀሻል። ቶኪዮ አካባቢ ሃሜሩ ወይም ሱሩ ይላሉ፣ ሁለቱም ልክ ነው። በሰሜን ጃፓን ባለችው ሆካይዶ የተወለደ ሰው ግን ጓንትንም «ሃኩ» ይላል። የቶኪዮ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፣ ጓንት እግር ላይ የሚገባ መስሎት። እና ባልደረቦችሽ ያልተስማሙት አንቺን ለማደናገር አይደለም። አንዷ የሰሜን ሰው ልትሆን ትችላለች። ጠይቂያት እስኪ፣ «አገርሽ የት ነው?» ብለሽ። ወሬ ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ምክንያት አታገኚም።

ሌላም የአማርኛ ትርፍ አለሽ። ኪሩ ለበሰ ነው፣ ሌላ ኪሩ ደግሞ ቆረጠ ነው። «ኪቴ» ላልቶ ሲነገር ልበሱ፣ ጠብቆ ሲነገር ቁረጡ ይሆናል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ማጥበቅና ማላላት ጆሯቸው አይለይላቸውም፣ ይሰቃያሉ። አንቺ ገና የሚለውን ጽሑፍ አይተሽ በዓሉ ይሁን «አልደረሰም» ማለት ይሁን አጥብቀሽና አላልተሽ ስትለዪ ነው የኖርሽው። «ሃይቴ» ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ጫማ ያድርጉ፣ ይጥረጉ፣ ያስመልሱ፣ ሦስቱንም ሊሆን ይችላል። የጫማው በድምፅ ከፍታ ከሁለቱ ይለያል፣ ግን አትጨነቂ። ጫማ በእጅሽ ይዘሽ ተንበርክከሽ ሳለ «ያስመልሱ አለችኝ» ብሎ የሚሰማሽ አዛውንት የለም።

የዕለት መዝገብ ስትጽፊ ደግሞ ይህን አስታውሺ። «ሜጋኔ ኦ ካኬቴ ኢማስ» የሚለውን መጽሐፍሽ በእንግሊዝኛ ሲተረጉመው ገና እያደረጉ ያሉ ሊመስልሽ ይችላል። አይደለም። መነጽር አድርገዋል ማለት ነው፤ ቁጭ ብለው፣ መነጽሩ ፊታቸው ላይ ሆኖ። እኛ ስለ አንዲት ሴት ቀይ ቀሚስ ለብሳለች ስንል አልቆ የቆየን ነገር እንደምንናገረው ነው። «ካኬቴ ኢማሴን» ሲሆን ደግሞ አላደረጉም።

እሺ፣ ይህን ሁሉ እንዴት አፍሽ ላይ ታመጪዋለሽ? ዝርዝሩን አትሸምድጂ። ግሱን ለብቻው አትያዢው፣ ከዕቃው ጋር አጣብቀሽ ያዢው። ኩትሱ ካልሽ ሃኩ ይከተላል፣ ቦሺ ካልሽ ካቡሩ፣ ሜጋኔ ካልሽ ካኬሩ። ከአንድ አዛውንት ጀምሪ፣ ከእናትየዋ ብትጀምሪ ደስ ይለኛል። የእሳቸው ዕቃ ስንት ነው? ፒጃማ፣ ሹራብ፣ ሱሪ፣ ካልሲ፣ ጫማ፣ መነጽር፣ ኮፍያ። ለእሳቸው የሚሆኑሽን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ያዢ። «ኩትሱ ኦ ሃኪማሾ ካ»፣ ጫማውን እናድርግ? «ቦሺ ኦ ካቡሪማሾ ካ»፣ ኮፍያውን እናድርግ? ይህ «እናድርግ?» የሚለው አጠያየቅ ከ«ኩዳሳይ» ይልቅ ለስለስ ይላል፣ ለትልቅ ሰውም ይስማማል። የእሳቸውን ስትጨርሺ ወደሚቀጥለው ሰው ትሄጃለሽ።

ግሱ ከጠፋሽ ደግሞ ዝም ከማለት ጠይቂ። ዕቃውን አንስተሽ «ኪሩ? ሃኩ?» በያቸው። ለ88 ዓመት ሰው አስተማሪ መሆን ቀላል ደስታ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲያጥቧቸውና ሲያለብሷቸው ውለው፣ አንድ ሰው ከእነሱ የሚፈልገው ነገር ተገኘ ማለት እኮ ነው።

ኃላፊሽ የተናገረችሽን ነገር እንደ ወቀሳ አትይው። እዚያ ኮኤካኬ ይሉታል፤ ሰውን ከመንካትሽ በፊት የምታደርጊውን በድምፅ መንገር ነው። የጃፓንኛ ችሎታሽን ለመፈተን የመጣ አይደለም። ሳይነገረው እጁ ሲያዝ የሚደነግጥ፣ ሰውነቱን የሚያደድር፣ የሚወድቅ ሰው አለ። በተለይ የማስታወስ ችግር ያለበት። ቻካን ዳኬን ሲሉ ሰምተሽ ይሆናል፤ ስታለብሺ ከታመመው ጎን ጀምሪ፣ ስታወልቂ ከጤነኛው ጎን። እጅሽ ይህን ያውቀዋል። ግን ሽባ የሆነውን ክንድ እጅጌ ውስጥ ስታስገቢ ዝም ካልሽ ሰውየው ምን እየሆነ እንደሆነ በምን ይወቅ? ፍጹም ሰዋስው የጠየቀሽ የለም። «ሂዳሪ ካራ»፣ ከግራው እንጀምር፣ ብትይ ለመነሻ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ቾፉ ብለሽ ስትጽፊ ብልጭ አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን በኮሹ ካይዶ መንገድ መጥቶ የዞረው ቾፉ ላይ ነው፣ ቶቢታኪዩ የሚባለው ሰፈር። አበበ ቢቂላ በዚያ አለፈ። ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፎ ስለነበር፣ ጃፓኖች «ሃዳሺ ኖ አቤቤ» ይሉታል፤ ባዶ እግሩ አበበ። ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነው የሮጠው፣ አሸነፈም። ያቺ እናት ያኔ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። የዚያ አካባቢ ልጅ ከሆኑ መንገድ ዳር ቆመው አይተውት ሊሆን ይችላል። ካልሲያቸውን ስታደርጊላቸው «አቤቤ ዋ ቶኪዮ ዴ ኩትሱ ኦ ሃይቴ ሃሺሪማሺታ» በያቸው፤ አበበ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ ማለት ነው። ሃኩ የሚለውን ግስ ከዚያ በኋላ የምትረሺው አይመስለኝም። እሳቸው የሚነግሩሽን ደግሞ ጻፊልኝ፣ ጓጉቻለሁ።

ስለ ፋብሪካው። ጓደኛሽ ክፍያው ይሻላል ያለችሽ እውነት ነው፤ በጃፓን ሕግ ከሌሊቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ለሚሠራ ሥራ ቢያንስ 25 በመቶ ጭማሪ አለ። ገንዘብ የሚላክለት ቤተሰብ ካለሽ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ካስጨነቀሽ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም። ግን የተማሪ ቪዛሽ በትምህርት ወቅት የሚፈቅድልሽ በሳምንት 28 ሰዓት ነው፣ ሁለቱንም ደርበሽ ብትይዢ እንኳ ድምሩ ከዚያ አያልፍም። ሌሊት ሠርተሽ ጠዋት ክፍል ውስጥ ስታንቀላፊ የሚጎዳው የመገኘት መዝገብሽ ነው፣ ቪዛሽ ሲታደስ ደግሞ እሱን ያያሉ።

ሌላም ልመዝንልሽ። ጃፓን ቶኩቴይ ጊኖ የሚባል የሥራ ቪዛ አላት፣ የአረጋውያን እንክብካቤም ከመስኮቹ አንዱ ነው። ኤን 4 ለቋንቋው መመዘኛ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ግን የሙያ ፈተናና የእንክብካቤ ጃፓንኛ ፈተና ለብቻ አለ። አንቺ አሁን በነጻ፣ እንዲያውም እየተከፈለሽ የምትለማመጂው ይህንኑ ነው። እዚያ መቆየት ትፈልጊያለሽ ወይስ ቋንቋውን ተምረሽ ወደ ሌላ ሙያ? ይህን ሳትወስኚ ሥራ አትቀይሪ። ከልብሽ «አዛውንት መንከባከብ አልፈልግም» ካልሽ ሂጂ፣ ጥሩ ነው። የምትሄጂው አንድ ሰው ምሳ ላይ ስላስመሰለሽ ብቻ ከሆነ ግን እኔ አልደግፍሽም። ሥራውን እንደምትወጂው የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ።

እስከ ዲሴምበሩ ፈተና ድረስ ብትቆዪ ምን ይመስልሻል? በዚህ ሳምንት ኃላፊሽን አምስት ደቂቃ ጠይቂያትና ዝም ያልሽው ለምን እንደሆነ ንገሪያት። ግሱ እየጠፋሽ እንደሆነ እሷ በምን ታውቃለች? ምናልባት ሰነፍሽ መስሏት ይሆናል። ቢቻል ለጥቂት ቀናት ጥሩ ከምታወራ አንዲት ሠራተኛ ጋር አጣምራ እንድትመድብሽ ለምኛት፣ ስታለብስ የምትለውን ቃል በቃል እየሰማሽ እንድትደግሚ። ለጓደኛሽ ደግሞ «አልመጣም» አትበያት፣ «እስከ ጃንዋሪ ጠብቂኝ» በያትና ሁለት ነገር ጠይቂልኝ፤ ፈረቃው የሚያልቀው ስንት ሰዓት ነው፣ ከፋብሪካው እስከ ትምህርት ቤትሽስ በባቡር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?